ሥሩን ማን ይይዛል

ሱራባያ፣ ጁን 4

ለካሂ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ግማሹ ሰላምታ ነው። የጎረቤቶቼን ፍየሎች ጤንነት ሳይቀር ጠይቀሻል፤ እኔ እኮ የምኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ፍየል የለም። ሁላችንም ደህና ነን።

ለምን አትደውልም ብለሽኛል። እናንተ ስልክ ለመስማት ኮረብታ መውጣት አለባችሁ፤ ወጥታችሁም «ሃ? ሃ?» ነው። በወረቀት ሲሆን ቢያንስ ሳታቋርጪኝ ትሰሚያለሽ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። አዎ፣ የውኃ ፓምፑን ብሬከር ስታጠፊው እንደ ንብ ቀፎ መጮሁ መጥፎ ነው። አይ፣ «ለምደነዋል» አይባልም። ከዋይንጋፑ ከተማ ሱቅ የገዛሽው የቤት መብራት ብሬከር ነው፤ ለሶላር አይደለም። «ላዩ ላይ አሥራ ስድስት ይላል፣ አሥራ ስድስት ደግሞ የትም ቢሄድ አሥራ ስድስት ነው» ብለሽ ጽፈሻል። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ፋብሪካ ወስጄ ለሥራ ጓደኞቼ አነበብኩላቸው፤ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ስሚ እንግዲህ፣ አንዴ ብቻ ነው የምነግርሽ። የከተማ መብራት በሴኮንድ መቶ ጊዜ ይሞታል፣ መቶ ጊዜ ይነሳል። ብሬከሩ ሲጠፋ ብረቶቹ መካከል ብልጭታ ይነሳል፤ መብራቱ አንዴ ሲሞት ብልጭታውም አብሮ ይሞታል። የፀሐዩ ግን ፀሐይ እስክትጠልቅ አይሞትም። የአሥር የፀሐይ ሰሌዳ ጉልበት ተደራርቦ ሲመጣ፣ ብረቶቹ ቢለያዩም እሳቱ በመካከላቸው ድልድይ ሠርቶ ይቀመጣል። ያ የምትሰሚው የንብ ድምፅ እሱ ነው። መጀመሪያ ፕላስቲኩን ይበላል፣ ከዚያ ሳጥኑን፣ ከዚያ ሳጥኑ የተሰቀለበትን። የተሰቀለው ደግሞ፣ አንቺው በእርሳስ እንደሳልሽልኝ፣ የእናታችን ቤት ዋና ምሰሶ ላይ ነው። ከላይ እንደ ኮረብታ የተቆለለ ደረቅ ሣር አለ። እናታችን ከሥሩ ትተኛለች። ይህን ለማሰብ ደግሞ ትምህርት ቤት መግባት ያስፈልጋል?

ትክክለኛውን እስክልክልሽ ድረስ ፀሐይ ሳትጠልቅ እጀታውን እንዳትነኪው። ፓምፑን ያመጡላችሁ ሰዎች ፎቶ ተነስተው ሲሄዱ ይህን አለመናገራቸው አይገርመኝም። እናንተም አለመጠየቃችሁ አይገርመኝም።

አንድ ሌላ ነገር። በሥዕልሽ ላይ ከሰሌዳዎቹ የመጣው ሽቦ ብሬከሩ ውስጥ የሚገባው ከታች ነው። የትኛው ሊቅ ነው ይህን ያዘዘሽ? እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የፋብሪካ ኤሌክትሪክ ክፍል ኃላፊ ሆኜ ከታች ሲገባ አላየሁም።

እናታችን ደህና ናት ብለሻል። ምን አለች? ይህን አልጻፍሽም።

ላንዱ


ፕራይ ሃምባ፣ ጁን 23

የተከበሩ ጋሼ ላንዱ፣

አፍንጫዬን ከአፍንጫዎ አስነክቼ ሰላም እላለሁ። ባሕሩ በመካከላችን ስላለ አየሩን አስነክቼ ማለቴ ነው። እንደምን ሰነበቱ? ባለቤትዎ እንደምን ናት? ልጆቹ እንደምን ናቸው? ፍየል እንደሌለ ተረድቻለሁና ፍየሎቹን አልጠይቅም፤ ስለ ባለፈው ይቅርታ ያድርጉልኝ። እዚህ እኛ ፍየል የሌለው ጎረቤት አይተን ስለማናውቅ ነው።

የሥራ ጓደኞችዎ መሳቃቸው ደስ ብሎኛል። በፋብሪካ ሥራ ሰው ብዙ አይስቅም ይባላል።

ከታች ያስገባው የትኛው ሊቅ ነው ላሉኝ፣ አማ ቱንጉ ናቸው። ያስታውሷቸዋል፤ ቤታችንን የሠሩት፣ ትንሽ ሆነው ሳሉ መጥረቢያቸውን ቢደብቁባቸው የገረፉዎት አናጢ። እርሳቸው የሚሉት ይህ ነው፦ እንጨት የሚተከለው በበቀለበት መንገድ ነው፣ ሥሩ ወደ ታች፣ ጫፉ ወደ ላይ። ተገልብጦ የተተከለ ምሰሶ ባለቤቱን ይበላል። «እንግዲህ ይህ ሳጥን ምሰሶ ላይ ከተሰቀለ በምሰሶ ሕግ ይኑር፤ የሚገባው በሥሩ ይግባ፣ የሚወጣው በጫፉ ይውጣ» አሉ። እኔ ሽመና እንጂ ሌላ አላውቅም፤ እሺ አልኩ። የሕግ ነገር ሲሆን ደግሞ በዚህ መንደር አማ ቱንጉን የሚከራከር የለም።

እጀታውን እንዳዘዙኝ ቀን ቀን አልነካሁትም። ፓምፑ ሲበላሽም አልነካሁትም። ሴቶቹ ሁለት ቀን ከገደሉ ሥር ውኃ ተሸክመው ወጡ። ስሜን እየጠሩ ሲያሙኝ ነበር፤ የርስዎንም ጠሩ።

አሁን ዋናው ጉዳይ። የቤታችን ዋና ምሰሶ በምስጥ ተበልቷል። አዲሱ እንጨት ከጫካ መጥቶ ደጃፍ ላይ ተጋድሟል። ኦክቶበር ላይ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ይተከላል። ሲተከል ሥሩን የሚይዘው የቤቱ የበኩር ልጅ ነው፤ ያን ቀን ሥሩን የያዘ ሰው ቤቱ የሱ ነው ይባላል። አባታችን ሲቀበር አልመጡም፤ ሥራ ነበረብዎት፤ ገብቶናል። ለዚህኛው ግን ይመጣሉ ወይ ብለሽ ጠይቂው ብላ እናታችን አዛኛለች።

ሌላ ምን አለች ላሉኝ፣ የሲሪ ቅጠሏን ታኝካለች። ይህን ብቻ እንድጽፍ ነው የተፈቀደልኝ።

ታናሽዎ ካሂ


ሱራባያ፣ ጁላይ 11

ለካሂ፣

ዛፍ! ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ ብዙ ዓይነት ድንቁርና አይቻለሁ። ሽቦ በጥርሱ የሚልጥ አይቻለሁ። ፊውዝ ሲቃጠል ሚስማር የሚሰካ አይቻለሁ። ብሬከር ሥር አለው የሚል ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ለሱ እንኳን ሳቅ አልመጣልኝም፤ አፈርኩ። ከየት ነህ ሲሉኝ ከሱምባ ደሴት ነኝ የምለው እኔ ነኝ እኮ።

ኤሌክትሪክ ዛፍ አይደለም። አይበቅልም፣ አያብብም፣ ባለቤቱንም ተገልብጦ ስለተተከለ አይበላም።

ሁለት ብሬከር በማርተን እጅ ልኬልሻለሁ፤ መርከቡ ሲደርስ በጭነት መኪናው ያመጣልሻል። አንዱ ለሥራ፣ አንዱ መለዋወጫ። በብጣሽ ወረቀት ላይ ለምን አሥራ ስድስት፣ ለምን ሃያ አይሆንም ብለሽ ላክሽ። ይኸውልሽ፦ ሰሌዳዎቹ በተከታታይ ስለታሰሩ አሥሩም ተደምረው የሚሰጡት ያው የአንዱን ነው፣ ዘጠኝ አምፔር። እሱ ላይ ሩቡን ጨምሪ፤ አሥራ አንድ ምናምን ይመጣል። ከዚያ ከፍ ብሎ ሱቅ የሚገኘው አሥራ ስድስት ነው። ትልቅ ብሬከር ከትንሽ ይሻላል ማለት፣ ሰፊ ኮፍያ ከልክ ይሻላል እንደማለት ነው፤ ዓይንሽን ይሸፍናል እንጂ ከፀሐይ አያድንሽም። ቮልቱ ደግሞ ይደመራል፤ አርባ ስድስት አሥር ጊዜ፣ አራት መቶ ስድሳ። ጠዋት ብርድ ሲሆን ይጨምራል። ስለዚህ የላክሁልሽ ላይ «ዲሲ 600» የሚል ታያለሽ። ዲሲ የሚለውን ፈልጊ። እሱን ያላየሽበትን ብሬከር ለልጆች መጫወቻ ስጪ።

ሥዕሉ ተያይዟል። ከሰሌዳ የመጣው ከላይ ይገባል። ወደ ፓምፑ የሚሄደው ከታች ይወጣል። ከላይ! ሦስት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ሳጥኑም ከቤት አይወጣም፤ ውጪ የጨው ነፋስ አለ፣ ፍየል አለ፣ አማ ቱንጉ አለ። እንደ ሥዕሌ የታሰረ ብሬከር አንዲት ብልጭታ አይተፋም። በዚህ ስሜን አስይዛለሁ።

ኦክቶበርን በተመለከተ፣ ለአንድ ግንድ ብዬ ፋብሪካ አላቆምም። ሥሩን የሚይዝ ጉልበተኛ መንደር ሞልቶ የለ?

ላንዱ


ሱራባያ፣ ኦገስት 6

ለካሂ፣

አሁን ደግሞ ቀስት!

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ የምትቀልጂ መስሎኝ። «ብሬከሩ ጎን ላይ ትንሽ ቀስት አለ፣ ጭራዋ ከታች ነው፣ የመደመር ምልክትም ከታች ነው፣ ይህ ማለት ከታች ይግባ ማለት አይደለም ወይ» ትያለሽ። አማ ቱንጉም አይቶ ሳቀ ትያለሽ። ይሳቅ። የኔ እህት፣ ፋብሪካ ብዙ ምልክት ያትማል። ካርቶኑ ላይ ጃንጥላም ታትሟል፤ ታዲያ ጃንጥላ ያዢለታ! እኔ ፋብሪካችን ጣሪያ ላይ አርባ እንደዚህ ያለ በገዛ እጄ አስሬያለሁ፤ ሁሉም ከላይ ነው የሚገባቸው። አንዱም አላስነጠሰም። አንቺ አንዱን ሳጥን ከፍተሽ አስተማሪ ሆንሽ።

አንቺ የምታውቂው ክር ነው። ክር ጥሩ ነገር ነው፤ ጨርቆችሽን እዚህ ሰዎች ያደንቃሉ። እዚያው ቆዪ። አስቢ አላልኩሽም፤ እሰሪ ነው ያልኩሽ።

እናታችን ሳጥኑ ከራሷ በላይ እንዲሆን አልፈልግም አለች ላልሽው፣ ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ አንብቢላት። ኢና፣ እናቴ፣ እኔ ላንዱ ነኝ። የአናጢና የሸማኔ ምክር አትስሚ። የሚያስብ ነገር እዚያ ቤት ውስጥ ቢኖር እኔ የላክሁት ሳጥን ብቻ ነው። ባለበት ይቀመጥ።

ካሂ፣ ሌላ ጥያቄ እንዳትልኪልኝ። አስረሽ ስትጨርሺ «ጨርሻለሁ» ብለሽ ጻፊ። አንድ ቃል ይበቃል።

ላንዱ


ፕራይ ሃምባ፣ ኦገስት 27

የተከበሩ ጋሼ ላንዱ፣

ጨርሻለሁ።

አንድ ቃል ይበቃል ብለው ነበር፤ ግን ሰላምታ ሳልጽፍ ብቀር እናታችን ትቆጣኛለች። አፍንጫዬን ከአፍንጫዎ አስነክቼ እጅ እነሳለሁ። እርስዎንም፣ ባለቤትዎንም፣ ልጆቹንም፣ አራተኛ ፎቁንም።

አንዱን ልክ እንደ ሥዕልዎ አስሬዋለሁ። ከላይ ገብቷል፣ ከታች ወጥቷል። የት ነው ያለው ለሚሉኝ፣ ምሰሶ ላይ ነው። ስለ ምሰሶው በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ሌላኛው ብሬከርም በእጄ ነው።

ደብዳቤዎን ለእናታችን ጮክ ብዬ አንብቤላታለሁ። ጎረቤት መጥቶ ስለነበር ድምፄን ከፍ አደረግሁ። «የሚያስብ ነገር» ያሉበት ጋ ስደርስ ድገሚው አለችኝ። ደገምኩት። ሲሪዋን ተፋችና አንድ ነገር ተናገረች። ጎረቤቶቹ ሁሉ ሰምተዋል፤ እርስዎ ብቻ ነዎት ያልሰሙት። ጥያቄ እንዳልልክ ስላዘዙኝ፣ መልስም እንዳልልክ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ስለዚህ ይቆይ።

ታናሽዎ ካሂ


ሱራባያ፣ ሴፕቴምበር 15

ካሂ፣

ምን አድርገሽ ነው? ምን ነክተሽ ነው?

ትናንት ወደብ ላይ ከዋይንጋፑ የመጣ አንድ ሰው አገኘሁ። «ፕራይ ሃምባ እሳት ነበረ አሉ፣ ሶላሩ ነው አሉ» ብሎኝ ሻንጣውን ይዞ ሄደ። ተከትዬው ሮጥኩ። ማን ሞተ? ምን ተቃጠለ? ጭሱን ከመንገድ ላይ ነው ያየሁት፣ ሌላ አላውቅም አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ደወልኩ። ያ የተረገመ ኮረብታ ላይ አንድ ሰው የለም!

መጀመሪያ አንቺን ነው የረገምኩት፤ አልዋሽሽም። አማ ቱንጉን ሰምታ ከታች አስገብታዋለች፣ እልኸኛ ናት፣ እናቴን አቃጠለቻት አልኩ። ጠዋት ብሬከሩን የገዛሁበት ሱቅ ሄድኩ። ያንኑ ዓይነት ገዝቼ፣ ሥዕሌን አጠገቡ አስቀምጬ፣ ጥፋቱ ያንቺ መሆኑን ለሚጠይቀኝ ሁሉ ላሳይ ነበር። እዚያው ባንኮኒው ላይ ከፈትኩት።

ካሂ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መክፈቴ ነው። ላንቺ የላክሁትን ሳልከፍት ነው የላክሁት። መነጽሬን አደረግሁ። ቀስቱ አለ። ጭራው ከታች ነው። የመደመሩ ምልክት ከታች ነው። ከውስጡ የወጣች ትንሽ ወረቀት «ከሰሌዳ የሚመጣው በዚህ በኩል ብቻ ይግባ፣ ቢገለበጥ እሳት ያስነሳል» ትላለች። ባለሱቁን «ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አልኩት። «እንደ ሠሪው ነው ጌታዬ፤ አንዳንዱ ከላይ፣ አንዳንዱ ከታች፣ አንዳንዱ ለሁለቱም ይሆናል። ለዚህ እኮ ነው የሚጻፍበት» አለኝ። እንደ ጀማሪ አየኝ። የኛ ፋብሪካ አርባዎቹ የሌላ ሠሪ ናቸው፤ የነሱ ከላይ ነው። እኔ አርባ ጊዜ ያንኑ አንድ ዓይነት አይቼ ሁሉንም ያየሁ መስሎኝ ነበር።

ጠይቀሽኝ ነበር። ጽፈሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ደብዳቤሽ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ቀስቷን ራሷን በእርሳስ ስለሽልኛል። እኔ ጃንጥላ ብዬ መለስኩልሽ።

ከቤት አይውጣ ያልኩትም እኔ ነኝ። ከሣሩ ሥር ያደረግሁት እኔ ነኝ።

እናታችን አለች? ሌላ ምንም አትጻፊልኝ። አለች ወይም የለችም በይኝ። ለማርተን ስጪው፤ ማርተን ከሌለ ለመጀመሪያው መኪና ስጪው። እኔ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ በኦክቶበሩ የመጀመሪያ መርከብ እመጣለሁ። እሷ ካለች፣ ምሰሶው ካልተቃጠለ፣ ሥሩን ለማንም አትስጡብኝ። እለምንሻለሁ።

ወንድምሽ ላንዱ


ፕራይ ሃምባ፣ ሴፕቴምበር 30

ላንዱ፣

ኢና አለች። ደህና ናት። ቤቱም አለ፣ ሣሩም አለ፣ አንዲት ሰንበሌጥ አልተቃጠለችም።

ይህን ያስቀደምኩት ሰላምታ ጠልቼ አይደለም፤ አዝኜልህ ነው። ከዚህ በኋላ አንቱታው ይቅር። አንቱ ስልህ የኖርኩት ታላቄ ስለሆንክ ነበር፤ ለጊዜው ደክሞኛል።

ማርተን እሳቱ በተነሳ ማግስት «ለወንድምሽ ልደውልልሽ? ወሬ ቢደርሰው ይደነግጣል» ብሎኝ ነበር። እናታችን «ይደንግጥ፤ እኔ ባሌን ስቀብር መንገድ መንገዱን እያየሁ አምስት ቀን ጠብቄዋለሁ» አለች። ስለዚህ ጠበቅን። ደብዳቤህ ሲመጣ አነበብኩላት። «እለምንሻለሁ» ያልክበት ጋ ድገሚው አለች። አሁን ጻፊለት ያለችኝ እሷው ናት።

ኦገስት ላይ ያ ደብዳቤህ በጎረቤት ፊት ሲነበብ ያለችውን ልንገርህ። «በንቀት የመጣ ነገር ከራሴ በላይ አይሰቀልም። አውጡልኝ። ስሙን አስይዟል አይደል? እንግዲያው ምሰሶ ትከሉለትና በስሙ ጥሩት።»

የከብት በረቱ ጎሾቹ ለአባታችን ቀብር ከታረዱ ወዲህ ባዶውን ነው። እዚያ፣ ከሣሩ ጣሪያ ስልሳ እርምጃ ርቀን ተከልንልህ። ቆፍረው የተከሉት አማ ቱንጉ ናቸው። ጠማማ እንጨት መረጡ፣ ጫፉን ወደ ጉድጓድ ከተቱት፣ ሥሩን ወደ ሰማይ አደረጉት። ስልሳ ዓመት ምሰሶ ሲተክሉ ይህን ሲያደርጉ ያየ የለም። ሰዉ አፉን ያዘ። እርሳቸው ግን እጃቸውን አራግፈው «እንደ ሥዕሉ ነው» አሉ። ልጆቹ ወዲያው እንደ መኳንንት ኡምቡ ላንዱ አሉት። «ፍየሏን ኡምቡ ላንዱ ላይ እሰራት» ይባላል እዚህ። ውሾቹም በጣም ወደዱህ።

ብሬከርህን እዚያ ላይ እንደ ሥዕልህ አሰርኩት። ሌላኛውን አጠገቡ በድንጋይ ካብ ውስጥ፣ በሌላ ምሰሶ ላይ፣ ቀስቷ እንደምትለው ከታች አስገብቼ አሰርኩት። ለምን ሁለቱንም አልክ? ቀስቷን አምኛት ነበር። አንተ ግን የተማርክ ነህ፤ እኔ ሸማኔ ነኝ፤ ተሳስቼ ቢሆንስ አልኩ። ሸማኔ አዲስ ቀለም ስታገኝ ጨርቁን ሁሉ አትነክርም፤ ቁራጭ ክር ነክራ ታያለች። ያን ነው ያደረግሁት። ሽቦውን ወደ ፈለግሁት ሳጥን ማዞር ብቻ ነበር የቀረኝ።

እሳቱ በድንገት የተነሳ ሰደድ አይደለም፤ ጠርተነው ነው የመጣው። ከመጀመሪያው ደብዳቤህ አንድ ነገር ይዤ ነበር፦ የፀሐዩ እሳት ፀሐይ እስክትጠልቅ አይሞትም ያልከውን። ስለዚህ ፀሐይዋን ማጥለቅ አለብን አልኩ። አሥር ሴቶች ሰሌዳዎቹን የሚሸፍኑበት አሥር ሰሌን ይዘው በየሰሌዳው አጠገብ ቆሙ። እናታችን ጥላ ሥር በርጩማ ተደርጎላት ተቀመጠች። ቀትር ነበር፣ ፓምፑ በሙሉ ጉልበቱ ይስባል። በደረቅ ረጅም ቀርከሃ መጀመሪያ የቀስቷን እጀታ ሳብኩ። ጠቅ አለች፣ ፓምፑ ቆመ፣ አለቀ። እናታችን «ይኸው ነው?» አለች፤ ቅር ብሏት።

ከዚያ ሰሌዳዎቹን በሰሌን አስሸፍኜ፣ ሽቦውን ወዳንተ ሳጥን አዛውሬ፣ ሰሌኑን አስነስቼ፣ ያንተን እጀታ ሳብኩ። እሱን የመንገድ ሰዎችም አይተውታል። ሳጥኑ ሰማያዊ ሆነ፣ ከዚያ ነጭ፣ ከዚያ ምሰሶው ተያያዘ። ሴቶቹ ሰሌኑን ሰሌዳዎቹ ላይ ሲጥሉ ሰማያዊው ባንዴ ጠፋ፤ ምሰሶው ግን መንደዱን ቀጠለ። ውኃ እናምጣ ወይ ሲሉ አማ ቱንጉ «ተዉት፣ ተገልብጦ የተተከለ ነው» አሉ። ነዶ እስኪያልቅ ቆመን አየንህ።

አመዱ ሲበርድ ብሬከሩን ሰበርኩት። ውስጡ ምን እንዳለ ታውቃለህ? ትንሽ ማግኔት አለች፣ ካጠገቧ እንደ ማበጠሪያ የተደረደሩ ቀጫጭን ብረቶች። ማግኔቷ እሳቱን እየገፋች ወደ ማበጠሪያው ታስገባዋለች፣ እዚያ ተቆራርጦ ይሞታል። ጉልበቱ በወዲያኛው በኩል ከመጣ ግን የምትገፋውም ወደ ወዲያ ነው፣ ወደ እጀታው። ፍየል ከኋላዋ ስትነዳት በረት ትገባለች፤ ከፊቷ ከመጣህባት በቆሎ ውስጥ ነው የምታገኛት። ይህን ያወቅሁት አንተ «አስቢ አላልኩሽም» ካልከኝ በኋላ ነው። ለሥራ ጓደኞችህ አንብብላቸው።

አሁን ቀስቷ ነች የምትሠራው። በየቀኑ ቀትር ላይ እናጠፋታለን፣ ጠቅ ትላለች፣ ሌላ ነገር ተናግራ አታውቅም። ውኃ አለን። ገደል የሚወርድ ሰው የለም።

መምጣትህን ለእናታችን ነገርኳት። አማ ቱንጉ አጠገቧ ነበሩ፤ «የበኩር ልጅ ከመጣ ሥሩ የሱ ነው፣ ሕጉ ይህ ነው» አሉ። ሲሪዋን ከዚህ ጉንጯ ወደዚያ አዛወረች። ሕጉን አውቃለሁ አለች። ከዚያ እያንዳንዷን ቃል እንዳለችው ጻፊ፣ አታሳምሪው አለችኝና ይህን ተናገረች፦

«ሥሩን ካሂ ትይዛለች። እሱም ይምጣ፣ ልጄ ነው፣ ምግቡም አለ። ሲተከል ጫፉን ይያዝ። ከላይ ነው ብሎ የለ?»

ካሂ